ባንድ ትከሻ

አንድ ልጅ መጣና፣ ከማራኪ ግቢ፣
ወረቀት ታቅፎ እንደ ግብር ሰብሳቢ፣
ደንገጥ አልሁ መጀመሪያ፤ ደረሰኝ ፈለግሁ፤
መቀሴን ሳላኖር ፈቃዴን አወጣሁ።
«ጋሼ፣ ለጥናት ነው» አለኝ በትሕትና፣
«ስለ ክንድ፣ ስለ ትከሻ፣ ስለ እናንተ ጤና።»

«ባለፈው ዓመት ውስጥ፣ በአሥራ ሁለቱ ወር፣
ትከሻዎን አሞት ያውቃል?» ሲል ጀመር።
«በቀን ስንት ሰዓት ይቆማሉ? ዕረፍትስ አለዎት?»

ምን ብዬ ልንገረው?
ራስ ሲያልቅ ራስ ነው።
አንዱ ተነሥቶ ሌላው እስኪቀመጥ፣
ፎጣዋን ደጅ ወጥቼ የማራግፍባት፣
እሷ ናት ዕረፍቴ።

ይኸ ወንበር ድሮ ይወርድ ነበር።
ፓምፑን ስረግጠው እንደ ደከመ ሙክት
እፍፍ ብሎ ዝቅ ይላል።
ካራት ዓመት ወዲህ ከፍ እንዳለ ቀረ።
አዘዞ ድረስ በጋሪ ወሰድሁት፤
«ጎሚኒው አልቋል፤ ዕቃው አይገኝም» ብለው መለሱኝ።
ወንበሩ እምቢ ሲል ክንዴ እሺ አለ።
አጭር ሰው ሲገባ ደስ ይለኛል፤
ረዥም ሲመጣ፣ ያውም ወታደር፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣
ክርኔ እስከ ጆሮዬ ይወጣል፤
ጠጉር ሳይሆን ጣሪያ የምመርግ ይመስለኛል።
ቶንዶሱም አለ፤
መብራት ጠፍቶ፣ ሱቅ ተዘግቶ፣ ከተኛሁ በኋላ
መዳፌ ውስጥ ሲነዝር ያድራል።

የከተራ ዋዜማ ሰልፉ እስከ ዋርካው ደርሶ
አርባ ሦስት ራስ አስተካከልሁ።
በማግሥቱ ታቦቱ ሲወርድ
ሰው ሁሉ እጁን ወደ ግንባሩ ሲሰድ፣
ቀኜ ከደረቴ አላልፍ አለች፤
በግራ አማተብሁ።
የንስሐ አባቴ አይተው ዝም አሉ።
ጋቢዬን የምታለብሰኝ እንጉዳይ ናት፤
ጎረቤት ፍቅር ይመስለዋል።
እሱስ ቢሆን መች ተሳሳተ።

«ሐኪም ቤት ሄደዋል?»
ወጌሻ ሄጃለሁ። በቅቤ አሸኝ፣ ጮኽሁ፣
ሳምንት ያህል ተሻለኝ፤
ሰኞ ስመለስ ወንበሩ ያው ነበር።

እሱ አልጠየቀኝም እንጂ፣ ሌላም ነበረኝ፦
የእህቴ ልጅ ስታገባ፣ ዳሱ ሞልቶ፣ ማሲንቆው ሲቃኝ፣
«ሙጬ ይውረድ! ሙጬ!» አሉ።
የድሮ ትከሻዬን የሚያውቁ ናቸው።
ወረድሁ።
ግራው ሄደ፤ ቀኙ ቀረ፣
ቁልፉ እንደ ጠፋ በር።
ጥርሴን ነክሼ ሣቅሁና
ባንዱ መታሁት።
እልልታው ቀለጠ!
«አዲስ አመታት አመጣ!» ተባለ፤
አዝማሪው ስንኝ ደረደረልኝ፣ ግንባሬ ላይ ብር ተለጠፈ።
ከዚያ ወዲህ የሰፈሬ ልጆች በየደጁ
ቀኛቸውን አስረው በግራ ብቻ ይመታሉ።
ይኸን በየትኛው ሣጥን ታሰፍረዋለህ?

ልጁ «አንዳንዴ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።
ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ፣ ጠጉሩን ዳበሰና፣
«ጋሼ፣ እኔንም ቢያስተካክሉኝ» አለ።
ቀና ብዬ አየሁት፤ ቁመቱ የባሕር ዛፍ ነው።
ወንበሩን አየ፤ ክንዴን አየ፤
ደሳለው ጫማ የሚጠርግባትን ዱካ
በእግሩ ስቦ እሷ ላይ ተቀመጠ፤
ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ክርኔ ወገቤ ላይ ዐረፈች።
ካራት ዓመት በኋላ
የሰው አናት ከላይ አየሁ፦
ጠጉሩ የሚዞርበትን፣ የልጅነት ጠባሳውን፣
መኻሉ ላይ አንዲት ሽበት፣ በዚያ ዕድሜ!
ቀስ ብዬ ሠራሁት። ብሩን አልተቀበልሁም።

ገና ጀርባውን ሳላራግፍለት
አንድ ረዥም ሰው በሩ ላይ ጎንበስ አለ፤
ገባ፤ ቀና አለ፤
ወንበሩ ላይ ወጣ።